ሰርግም ለቅሶም ሳይኖር እንገናኝ

ባለፈው መጋቢት ሮም ልሄድ መሆኑን በስልክ ስነግራት እናቴ መጀመሪያ ያለችኝ «የማን ሰርግ ነው?» ነው። ሰርግ የለም ስላት ድምፅዋ ወረደ። «ምነው? ማን ሞተብን?» አለች። ማንም እንዳልሞተ፣ ከድሮ የክፍል ጓደኞቼ ጋር ዓርብ ማታ ተገናኝተን እሑድ ማታ ወደየቤታችን እንደምንበተን፣ እዚያም ሥራችን በእግር መዞርና ማውራት ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። ጥቂት ዝም አለችና «እሱንማ በስልክ አታወሩም እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

በእናቴ አልፈርድም። ያደግንበት ባህል ሰውን ከሰው የሚያገናኝበት ምክንያት ሞልቶታል፤ ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ፣ ማኅበሩ፣ ለቅሶው፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ። ምክንያት ካለ ሥራ ተጥሎ፣ ገንዘብ ተበድሮ ይኬዳል፤ «ለምን ሄድሽ?» የሚል የለም። ለጓደኛ ብቻ ተብሎ ከቤት መውጣት ግን እንደ ቅንጦት፣ ሲብስም እንደ ጥጋብ ይታያል። አውሮፓ የምንኖረውም ይህንኑ ልማድ ይዘን ነው የመጣነው። እንዲያውም እዚህ ይብሳል። አገር ቤት ቢያንስ ጎረቤት ቡና ይጠራል፤ እዚህ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው።

እኔ ጓደኝነት ከድግስና ከሐዘን የተለየ የራሱ ቀን ሊኖረው ይገባል እላለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሌሊት፣ የማንም ቤት ባልሆነ ከተማ፣ በተለይም ብርዱ ገና ባልለቀቀበት የጸደይ መግቢያ። ብርዱን ለምን እንደጨመርኩ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አምስት ነን። አዲስ አበባ አንድ ክፍል ተምረን እዚህም እዚያም የተዘራን። እኔ ፍራንክፈርት ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። አንዷ ለንደን ላይ አውቶቡስ ትነዳለች፤ አንዷ ዙሪክ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። አንዱ ብራስልስ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፣ አንዱ ደግሞ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ከተማ ኤሌክትሪክ ይዘረጋል። ለዓመታት የተያየነው በሰርግና በለቅሶ ብቻ ነው። ሰርጉ ላይ ሙዚቃው ስለሚጮህ የምንነጋገረው በጆሮ ነው፤ ከዚያ ሁላችንም ተነስተን እስክስታ፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ባቡር እንዳያመልጠን ሩጫ። ከሮም በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው ግን የክፍላችንን ልጅ ስንቀብር ነበር። ከቀብር መልስ ምሳ ቀርቦ ሳለ አንዱ «በዚህ ብቻ ሆነ እኮ መገናኛችን» አለ። ይህ በየለቅሶው የሚባል ነገር ነው፤ ይባላል፣ እንባ ይታበሳል፣ ይረሳል። የለንደኗ ጓደኛችን ግን ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ስልኳን አውጥታ የፈረቃ ሰሌዳዋን ከፈተችና «ቀን ቁረጡ» አለች።

ቀኑ መጋቢት ላይ የወደቀው በእንጀራችን ምክንያት ነው። እኔ በምሠራበት ቤት ሐምሌና ነሐሴ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ ፈቃድ ቅድሚያ የሚሰጠው ትናንሽ ልጆች ላሏቸው ነው። የመጋቢትን ዓርብ ግን የሚሻማ የለም። የአውሮፕላን ቲኬቱም ማደሪያውም ያኔ ይረክሳል። ከተማ መምረጡ ነው ያጨቃጨቀን። ሮምን ያመጣችው የዙሪኳ ናት። የጎተንበርጉ «ሌላ ቦታ ይሁን» አለ፣ ምክንያቱን ግን አልተናገረም። አራት ለአንድ ሆኖ ተረታ።

የሮም መጋቢት ፖስትካርድ ላይ የምናየው ዓይነት አይደለም። ቀኑ ሲሞቅ 15 ወይም 16 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊት ወደ 6 ይወርዳል። ካፊያው ሳይታሰብ ይመጣል። ከሰሜን የሚነሳው ትራሞንታና የሚሉት ነፋስ የቴቬሬን ወንዝ ድልድይ ስትሻገር ፊት ይገርፋል። በኢጣሊያ የቤት ማሞቂያ የሚበራበት ወቅትና ሰዓት በሕግ የተወሰነ ነው፤ የተከራየነው ቤትም ማታ ማሞቂያው ሲጠፋ ወለሉ በካልሲ የማይረገጥ ሆነ። የዙሪኳ ጓደኛችን ግን እናቷ የላኩላትን ጋቢ ሻንጣዋ ውስጥ ጠቅልላ መጥታ ነበር። ዓርብ ሌሊት ሶፋው ላይ ሦስታችን በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን፣ ሁለቱ ወንዶች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወጋችንን ቀጠልን።

ለዚህ ነው ብርዱን የምወደው። ሮም በነሐሴ ከ30 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ሰው ሁሉ የየራሱን ጥላ ይፈልጋል፤ ኮሎሲየም በር ላይ ያለው ሰልፍ ጉልበትም ወሬም ይጨርሳል፤ ማታ ደግሞ አደባባዩ እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚጮህ ማንም ወደ ቤት አይገባም። በብርድ ጊዜ ግን ሰው ለመሞቅ ሲል ይራመዳል፣ ሲራመድ ያወራል፣ ሲደክመው በየመንገዱ ካለው ቡና ቤት ጎራ ይላል። ሮማውያን ቡናቸውን ባንኮኒ ላይ ቆመው ነው የሚጠጡት፤ መቀመጥ ብዙ ቦታ ዋጋ ይጨምራል። የብራስልሱ የሂሳብ ሰው ይህን ሲያውቅ ደስ አለው፤ አምስታችን ትከሻ ለትከሻ ተጣበን ቆመን ጥቁር ቡና ጠጥተን እንወጣለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርዱ ከመሸ በኋላ ወደ ቤት ይመልስሃል። ቤት ከገባህ በኋላ ያለው ረጅም ምሽት ነው የጉዞው ፍሬ።

ጥቁር ቡና ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር፣ ከመካከላችን ሦስቱ ይጾማሉ። ወዳጆቼ «በጾም ኢጣሊያ ሄዶ ምን ሊበላ?» ብለውኝ ነበር። ሮም ግን ለጾመኛ የምትመች ከተማ ናት። ማሪናራ የሚሉት ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። በየጥጋጥጉ በሚዛን እየተቆረጠ የሚሸጠው ቀይ ፒዛም እንደዚያው ነው። ፓስታ በሽምብራ አለ፤ ፓስታ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት አለ። ወቅቱ የአርቲቾክ ወቅት ስለሆነ በጥንቱ የአይሁድ ሰፈር ምግብ ቤቶች በዘይት ጠብሰው ቅጠሉ እንደ ቆሎ እስኪንኮሻኮሽ ያደርሱታል። ቅዳሜ ማታ ያንን ስንበላ የማይጾሙት ሁለቱም ሥጋ አላዘዙም።

ቅዳሜ ጠዋት ቀድመን የሄድነው ኮሎሲየም ነው። የጎተንበርጉ ጓደኛችን ስልካችንን ሁሉ ሰብስቦ «እኔ አነሳችኋለሁ» አለ። የሚያልፍ ሰው እንዲያነሳንና እሱም እንዲገባ ብንለምነው እምቢ አለ። ያኔ ትኩረት አልሰጠነውም።

ከኮሎሲየም አጠገብ ያለውን የቆስጠንጢኖስን ቅስት ለኢትዮጵያዊ ማንም ሊያስተዋውቀው አይገባም። አበበ ቢቂላ መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ ማራቶኑን የጨረሰው እዚያ ነው፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሩጫው በካምፒዶሊዮ ኮረብታ ግርጌ ጀምሮ ሲያልቅ መሽቶ ነበር፤ በጥንቱ የአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ከቅስቱ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው የሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ላይ ለእሱ መታሰቢያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። የሮም ማራቶን የሚካሄደው በዚሁ በጸደይ መግቢያ ነው። የአበበ ድል 50ኛ ዓመት በታሰበበት በመጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. ውድድሩን ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን 300 ሜትሮች ጫማውን አውልቆ ነው የሮጠው። የለንደኗ ጓደኛችን በዚያ ብርድ ጓንቷን አውልቃ የመንገዱን ድንጋይ በመዳፏ ነካች።

ጎዳናውን እስከ መጨረሻው ብትወርድ ፖርታ ካፔና አደባባይ ትደርሳለህ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚያ ነው፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ከሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት። አበበ ከመድረሻው ጥቂት ቀደም ብሎ ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው በዚያ ሐውልት አካባቢ ነበር። ኢጣሊያ በ1947ቱ የሰላም ውል ልትመልሰው ፈርማ ሳለ 24 ሜትር ርዝመትና ወደ 160 ቶን ክብደት ያለው ድንጋይ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም የገባው በ2005 ነው። በ2008 ዳግመኛ ቆመ። ሐውልቱ ከነበረበት አጠገብ አሁን ለኒውዮርኩ የሽብር ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የተተከሉ ሁለት የጥንት አምዶች አሉ። እኛ ግን ያየነው ባዶውን ቦታ ነው። ሐውልቱ ሲመለስ ሁላችንም አዲስ አበባ ነበርን፤ ማን የት ሆኖ በቴሌቪዥን እንዳየው፣ የታሪክ አስተማሪያችን ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር በየተራ አወራን። ይህን ወሬ ከፍራንክፈርት ባልደረቦቼ ጋር ላወራው አልችልም። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንኑ ትምህርት የሰማ ሰው ያስፈልገኛል።

ከዚያ ጥቂት አለፍ ብለን ውሃ ጠማን። የሮም መንገዶች ላይ ናዞኒ የሚባሉ አፍንጫ የሚመስል ቱቦ ያላቸው የብረት ቧንቧዎች ሞልተዋል። መተከል የጀመሩት በ1870ዎቹ ነው፤ ቁጥራቸው ከ2,000 ይበልጣል፣ ውሃቸው ቀንና ሌሊት በነፃ ይፈስሳል። እኛ ጎንበስ ብለን በመዳፋችን ለመቅዳት ስንታገል የጎተንበርጉ ጓደኛችን መጣና የቱቦውን አፍ በጣቱ ደፈነው። ውሃው ከቱቦው ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ፈለቀ፤ ቀና እንዳለ ጠጣ። እጁ የለመደው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። የለንደኗ «ይህን ደግሞ ከየት ተማርከው?» አለችው። «ከዚሁ» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ማታ ቤት ገብተን፣ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ጋቢው ከተዘረጋ በኋላ ነው የተናገረው። የሚከተለውን የምጽፈው ፈቃዱን ጠይቄ ነው።

በሊቢያ በኩል ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሮም መቆየቱን ግን አናውቅም። ከሲሲሊ ከወጣ በኋላ ሁለት ወር ያህል ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሜዳ ላይ አድሯል። ወሩ የካቲትና መጋቢት ነበር። ካምፕ ያልገባው አሻራ ላለመስጠት ነው። በአውሮፓ ሕግ ስደተኛ በአብዛኛው ጉዳዩ የሚታየው መጀመሪያ አሻራ በሰጠበት አገር ስለሆነ፣ ወደ ሰሜን ለማለፍ ያሰበ ሰው ጣሊያን ላይ አሻራው እንዳይያዝ የማይሆነው የለም። ጠዋት ጠዋት ከጣቢያው ብዙ የማትርቀው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ እስክትከፈት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ውስጧ ከነፋሱ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ቬኔዝያ አጠገብ ቼንትሮ አስታሊ የሚባለው የኢየሱሳውያን የስደተኞች ማዕከል ይበላል። ብርዱ ሲብስበት 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ከተርሚኒ እስከ ቫቲካን ይሄዳል፣ ይመለሳል። በናዞኒው ፊቱን ይታጠባል። አንድ ቀን የሌላ ሰው ጃኬት ተውሶ ኮሎሲየም ፊት ፎቶ ተነሳና ለእናቱ ላከላቸው፤ እናቱም ያንን ፎቶ በፍሬም አድርገው ሳሎን ሰቀሉት። ዛሬም ተሰቅሏል። «በዚያ ቦታ ሁለተኛ ፎቶ መነሳት አልፈለግሁም» አለን።

ይህ ሰው ስዊድን ከገባ በኋላ በሰርግ ተገናኝተናል፣ አብረን ጨፍረናል። በየበዓሉ ተደዋውለናል። «ደህና ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ቤተሰብ?» «ደህና ናቸው።» ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከመካከላችን የማይወደው ሰው የለም፤ ግን እንዲህ ያለው ነገር የሚነገርበት ቦታና ጊዜ አልነበረንም። የሰርግ አዳራሽ ለዚህ አይሆንም። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሐዘኑ የሟች ቤተሰብ ነው፤ የራስህን ጣጣ አታወራበትም። በስልክ ማን ይጀምረዋል? ሙሉ ቀን አብሮ ሄዶ፣ ደክሞ፣ ነገ ጠዋት የሚያስቸኩል ነገር የሌለበት ምሽት ያስፈልግ ነበር። እኔ ለዚህ ነው እናቴ ስልክ በቂ ነው ስትለኝ የማልስማማው።

እሑድ ጠዋት እሱ መሪ ሆነ። በ64 ቁጥር ወሰደን። የለንደኗ ሹፌር አውቶቡሱ በዚያ ጥርብ ድንጋይ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ከወንበሯ ተነስታ አሽከርካሪውን በአድናቆት ስታይ ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ስንደርስ ካፊያው ጀመረ። ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ ነው። በማተሚያ ከታተሙት የግዕዝ መጻሕፍት የመጀመሪያው የሆነው መዝሙረ ዳዊት በ1513 እ.ኤ.አ. የታተመው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ ጀርመናዊውን አሳታሚ ፖትከንን ግዕዝ ያስተማሩት እዚሁ የነበሩ መነኮሳት ናቸው። አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ አዲስ ኪዳንን በ1548 እና 1549 አሳተሙ። ቤተ ክርስቲያኑን ገብተን አላየንም፤ የባዚሊካውን ጉልላት ከሩቅ እያየን የብራስልሱ ጓደኛችን ያነበበውን ሲነግረን፣ የጎተንበርጉ «እኔ እኮ እዚህ ድረስ በየቀኑ እመጣ ነበር» አለ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ኢየሩሳሌምን አልፈው ሮም የገቡ አባቶች በዚያው ግቢ ማደሪያ እንደነበራቸው መስማቱ ደስ ያሰኘው መሰለኝ።

ከመመለሳችን በፊት ተርሚኒ ወሰደን። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ ስሙ በጥር 1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የኢጣሊያ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ለእነሱ የቆመው የግብፅ ሐውልት ዛሬ ያለው ከአደባባዩ ትንሽ ፈንጠር ብሎ በአንዲት ትንሽ የዛፍ ቦታ ውስጥ ነው። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ከሥሩ አቁመውት ነበር፤ በ1938 ዘርአይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው። አንበሳው በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል፤ ዘርአይ ግን እንደታሰረ እዚያው ኢጣሊያ ሞተ። ጓደኛችን ያቺን የዛፍ ቦታ ያውቃታል። ሻንጣውን ተንተርሶ የሚቀመጥባት ነበረች። ከጀርባው የቆመው ድንጋይ የዶጋሊ መሆኑን ግን ያወቀው ያን እሑድ ነው። «ዘርአይ እዚህ? እዚህ ነው?» እያለ ዞረው። አራተኛ ክፍል የዘርአይን ታሪክ ጮክ ብሎ እንዲያነብ የታዘዘው እሱ እንደነበር ያስታወሰችው የዙሪኳ ናት።

ከዚያ በጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ኢንዲፔንደንሳ አደባባይ አለ። በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ፖሊስ አጠገቡ ካለ ሕንፃ ያስወጣቸውን ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሆኑትን፣ በውሃ መድፍ የበተነበት ነው። ሮም ለሽርሽር የምንሄድ ሰዎች ይህንንም ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ። ብዙ ወገናችን ይህችን ከተማ የሚያውቃት በብርዷ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ቀላል አይደሉምና። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። «ያ ገንዘብ ለቤተሰብ ቢላክስ?» ይሉኛል። እኔም በየወሩ እልካለሁ፤ ከጓደኞቼም የማይልክ የለም። ግን ለማናውቀው ሰው ሰርግ ስንት እንደምናወጣ እንቁጠር። ልብሱ፣ ስጦታው፣ ሆቴሉ፣ መንገዱ። ይህን ሁሉ ማንም ቆጥሮብን አያውቅም። የእኛ መፍትሔ ከአገራችን የተገኘ ነው። እንደ ዕቁብ ያለ የጉዞ መዋጮ አቋቁመናል፤ በነፍስ ወከፍ በወር 25 ዩሮ፣ ገንዘብ ያዡ የብራስልሱ ሰው። በዓመት 300 ዩሮ ይሆናል። በመጋቢት ለርካሽ በረራና ለሁለት ሌሊት የጋራ ማደሪያ ከሞላ ጎደል ይበቃል። ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ተርሚኒ የሚያደርሰው ባቡር 14 ዩሮ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ አንድ ዩሮ ከሃምሳ። አንዱ ሥራ ካጣ ነገሩ እስኪስተካከልለት ሌሎቻችን እንሸፍናለን ብለን ተማምለናል።

ሁለተኛው ስለ ሴቶች ነው፤ እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ እናገራለሁ። ወንዶቻችን ቅዳሜ ከሰዓት ካፌ ተሰብስበው ኳስ ሲያዩ ማንም ምክንያት አይጠይቃቸውም። የዙሪኳ ጓደኛዬ ሁለት ሌሊት ከቤት ልትርቅ ስትል ግን ስልኳ አላርፍ አለ። «ልጆቹስ?» «ባልሽስ ምን አለ?» «ደግሞ ወንዶችም አሉ አሉ።» ባሏ ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ ልጆቹን ይዞ ሸኛት። ጣጣው ያለው ከቤቱ ውጭ ነው፤ ሴት ልጅ አራስ ጥየቃና ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር ከጓደኞቿ ጋር የምትውልበት ቀን የላትም ብሎ ካመነው ማኅበረሰባችን። ይህን ሐሳብ ለሴት ልጆቻችን ማውረስ የለብንም።

ሥራዬም አንድ ነገር አስተምሮኛል። መጦሪያው ውስጥ ልጆቻቸው በየሳምንቱ የሚመጡላቸው አረጋውያን አሉ፤ ያ ትልቅ በረከት ነው። ሆኖም ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው አንዲት ሴት የድሮ የክፍል ጓደኞቻቸው በምርኩዝም በተሽከርካሪ ወንበርም ብለው ሲመጡላቸው የሚስቁትን ሳቅ ለልጆቻቸው ሲስቁት አይቼ አላውቅም። ያ ስብስብ በየጸደዩ ሲገናኝ የኖረ ነው፤ ሥራ ላይ እያሉም፣ ልጆች እያሳደጉም፣ ቀኑን አላስነኩም። እኛ ስደት ላይ የምናረጅ ሰዎች ያን ጊዜ ማን ሊመጣልን እንደሆነ ከአሁኑ እናስብበት።

አዲስ አበባ ያሉ አንባቢዎች ይህን የውጭ አገር ሰው ጣጣ አድርገው እንዳያዩት። አያት የሚኖረውና ጀሞ የሚኖረው ጓደኛሞች በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚገናኙ ራሳቸው ያውቁታል። ሮም አያስፈልግም። መንገዱ ሰላም የሆነ፣ በአውቶቡስ የሚደረስበት፣ ማታ ብርድ ያለበት አንድ ከተማ ይበቃል።

ለመጪው መጋቢት አቴንስና ሊዝበን ቀርበውልናል፤ ድምፅ የሚሰጠው በኅዳር ነው፣ ቲኬት የሚቆረጠው በጥር። የብራስልሱ ጓደኛችን ወደ ሐምሌ እናዙረው፣ ቤተሰብም እንጨምር የሚል ሐሳብ አምጥቷል። የቤተሰቡን ጉዞ በደስታ እሄዳለሁ፣ ለብቻው ይዘጋጅ። ይህኛው ግን በመጋቢት፣ ለአምስታችን ብቻ እንዲቆይ እከራከራለሁ፤ የጎተንበርጉም የለንደኗም ከእኔ ጋር ናቸው።